የጾም ስኬልና የፍስክ ስኬል

መምህሬ ሁለቱን ድምፆች በስንፍና የጣልኳቸው መስሎት ነበር።

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ባለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ጊታሩን ታቅፌ እጫወታለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። የምጫወተው ስኬል ነው። ስኬል ድምፆችን በተራ ከታች ወደ ላይ መውጣት፣ ከዚያም በመጡበት መንገድ መውረድ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ይሆናል።

«ልጄ፣ ፋ የት ሄደ?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እ... ይቅርታ።»

«ሲስ? ባለፈው ሳምንትም ቀርቶ ነበር።»

እንደ ክፍል አለቃ ስም የሚጠራ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ሳፍር ድምፄ ይጠፋል። አንገቴን ደፍቼ እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገናም ሁለቱ ቀሩ።

መምህሬ ቤተሰቡ ከህንድ፣ ከጎዋ የመጣ፣ እሱ ግን ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያረጀ ካቶሊክ ነው። በወጣትነቱ በሆቴል ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። እኔን ያለ ክፍያ ሊያስተምረኝ የተስማማው ሱሪዎቹን አክስቴ ስለምትሰፋለት ነው። ወገቡ በየዓመቱ ስለሚሰፋ ሱሪ አያልቅም፤ ትምህርቱም አያልቅም።

ፋንና ሲን ጠልቻቸው አይደለም። ከሚ በኋላ ፋ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ እስከ ሰባት መቁጠር አያቅተኝም። ጣቴ ግን አልተማረም። ጣቴ ያደገው ሠርግ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ በአምስት ድምፅ ነው። ሚ ላይ ሲደርስ ሰው የዝናብ ኩሬ እንደሚሻገር እግሩን አንሥቶ ሶል ላይ ያርፋል። ይህን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሦስት ሳምንት በልቤ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳሎኑ ስገባ ግን «ደህና አደሩ» ብቻ ነው የሚወጣኝ።

ጊታር ውስጥ የገባሁትም በዚሁ በዓይን አፋርነቴ ምክንያት ነው።

ናይሮቢ አክስቴ ዘንድ የመጣሁት በሰባዎቹ መጨረሻ ነበር። የያዝኩት የምረቃ ወረቀት ጊዜያዊ ነው፤ ዋናው አዲስ አበባ ቀርቷል። ሥራ ፍለጋ የሄድኩባቸው ሰዎች ወረቀቱን ያገላብጡና ጀርባውን አይተው «ዋናውስ?» ይሉኛል። አንዲት የትንሽ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ብቻ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«የሒሳብ አስተማሪ ሞልቶኛል። የሙዚቃ አስተማሪዬ ግን አግብታ ሞምባሳ ሄደችብኝ። ሙዚቃ ትችያለሽ?»

ፊት ለፊት የሚያየኝን ሰው «አይ» ማለት ያቅተኛል። «ትንሽ... ጊታር» አልኩ። ከእኔ በፊት አክስቴ ቤት የነበረ ተከራይ ካናዳ ሲሄድ ትቶት የሄደ፣ አራት ክር ብቻ የቀረው ጊታር ቁም ሳጥኑ ጎን ቆሞ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት ጊዜ ነክቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አቧራ ስጠርግ።

ዳይሬክተሯ ፊቷ በራ። ከእንግሊዝ አገር በየዓመቱ የሙዚቃ ፈታኝ እንደሚመጣ፣ የሦስተኛ ደረጃ ሰርተፊኬት ካመጣሁላት ቦታውን እንደምትሰጠኝ፣ እስከዚያ ድረስ እንደምታቆይልኝ ነገረችኝ። ፈተናው ስድስት ወር ቀርቶታል። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚያበቃው ደግሞ ከፈተናው በኋላ ባለው ወር ነው፤ ሥራ ከሌለኝ አይታደስም። ካልታደሰ ወዴት እንደምሄድ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ስድስት ክር ገዛሁ።

ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ውስጥ፣ የእኔ ጉድለት እንደ ጉድለት አይታይም ነበር። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን የሞላው የእግር ስፌት መኪናዋ ነው። እኔ ከኋላዋ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለማመድ እሷ ፔዳሉን እየረገጠች ታንጎራጉራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ኤርትራዊ ጎረቤታችን ዜና ለመስማት ይወርዳሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት ሠርተዋል፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል።

«ይቺ ልጅ እኮ ጊታሩን ክራር አደረገችው!» ይላሉ ጋሼ። «ያ ሰውዬ ምን ጎደላት ብሎ ነው የሚያስጨንቃት?»

«ፋና ሲ ይጎድሉኛል፣ ጋሼ።»

«እነማን ናቸው?»

«ድምፆች ናቸው።»

«እኔ አንድም የጎደለ አልሰማሁም። አንቺስ ሰምተሻል?»

«ኧረ እኔስ ሆዴን ባር ባር አለኝ» ትላለች አክስቴ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ። ያንን ሱሪውን እኮ ጠበብ አድርጌ ነው የምሰፋለት።»

እንዲህ እያልን፣ ፓርክላንድስ እየተወቀስኩ ሳውዝ ሲ እየተመረቅሁ፣ ሁዳዴ ደረሰ።

በዋዜማው እሑድ አክስቴ ቴፑን በሻሽ ሸፈነችው። ራዲዮኑን ለዜና ብቻ አስቀረችው፤ ከዜናው በፊት ያለችው የሙዚቃ መግቢያ እንዳታመልጥ ጋሼ ድምፁን የመዝጋት ኃላፊነት ተሰጣቸው። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣችና ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስተኛችው።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጾም ነው። በጾም ዘፈን የለም።»

«ፈተናውስ?»

«ከፋሲካ በኋላ ትደርሺበታለሽ።»

«ፈተናው እኮ ሕማማት፣ ማክሰኞ ነው።»

አክስቴ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ዞረች። «በሕማማት? ምን ዓይነት ሰው ነው በሕማማት የሚፈትን?»

«ለነሱ ፋሲካቸው ካለፈ ወር ይሆነዋል።»

«እንግዲህ ለእኛ አላለፈም።»

ሃምሳ ቀን ሳልለማመድ ብፈተን ሦስተኛውን ቀርቶ የትኛውንም ደረጃ እንደማላልፍ ታውቃለች። ፈቃዴ መቼ እንደሚያበቃም ታውቃለች፤ ቀኑን መቀሷ ከተሰቀለበት በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፈችው እሷ ናት። ያን ሌሊት ደህና እንዳልተኛች ጠዋት ከዓይኗ አየሁ። ወንበር ላይ ወጥታ ግን ጊታሩን አላወረደችም። «የሚያውቅ ይጠየቃል» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ምእመኑ ለቅዳሴ በሚከራየው አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ እኔን በክንዴ ጎትታ ቄሱ ፊት አቆመችኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ መስቀላቸውን አሳልመውን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አባ፣ ይቺ ልጅ ስኬል የሚባል ነገር ትለማመዳለች። በጾም ይቻላል ወይ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

አክስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጉሮሮዋን ጠርጋ ራሷ ጀመረች፦ «ዶ... ሬ... ሚ... ሶል... ላ... ዶ። እንዲህ ነው።»

«ፋ» አልኩ ሳላስበው።

ሁለቱም አዩኝ።

ቄሱ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ግጥም አለው?»

«የለውም።»

«ጭብጨባ፣ እልልታ?»

«የለውም፣ አባ። ብቻዋን አልጋ ላይ ተቀምጣ ነው።»

«ትከሻ ያስነሣል?»

አክስቴ የራሷን ትከሻ አየች። ይህንን አላሰበችበትም ነበር።

«ትከሻ ካላስነሣ» አሉ ቄሱ፣ «ያው ድምፅ ነው። መጋዝም ድምፅ አለው፤ አናጢ በጾም ሥራ ፍታ አይባልም። ትከሻ ካስነሣ ግን ዘፈን ነውና ለፋሲካ ይደር። የምትሰሚው አንቺ ነሽ» ብለው አክስቴን በመስቀላቸው ጠቆሙ፤ «ዳኛዋም አንቺ ሁኚ።»

አክስቴን ዳኛ ያደረጋት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ወደ ቤት ስንሄድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃው ያደነቁር ስለነበረ ከቦርሳዋ ጥጥ አውጥታ ጆሮዋን ደፈነች፤ በየማዕዘኑ እንደ ሹም ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። ኮንዳክተሩ ሒሳብ ሲጠይቃት አልሰማችውም።

በማግሥቱ ጊታሩ ወረደ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ ሁለቱን ትከሻዎቿን እያየሁ ጀመርኩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። ወጣሁ፣ ወረድሁ። ሁለተኛውን ዙር ስጀምር የቀኝ ትከሻዋ ከሹራቧ ውስጥ እንደ እርሾ ኩፍ አለ። ግራው ተከተለው። ፔዳሉ ቀስ አለና ከእኔ ጣት ጋር መራመድ ጀመረ።

«ያዝኩሽ!» ብላ ጮኸች፣ የያዝኳት እኔ ብሆንም።

«ምን አደረግሁ?»

«ምን እንዳደረግሽ እኔ ምን አውቄ! ትከሻዬ ግን ተነሥቷል። አቁሚ። ይኸው የሶማሊዋን ደንበኛዬንም ቀሚስ አጣመምሽብኝ።»

እውነትም የቀሚሱ ስፌት እንደ ወንዝ ተጠማዞ ነበር። አክስቴ ስፌቱን መፍታት ጀመረች፤ እኔ ማሰብ ጀመርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ መረጃ ስለመሰብሰብ ተምሬአለሁ፤ እስከዚያ ቀን ምንም መረጃ ሰብስቤ አላውቅም። ደብተር አወጣሁና መስመር አሰመርኩበት። በአንድ በኩል የተጫወትኩትን፣ በሌላ በኩል የአክስቴን ትከሻ እየጻፍኩ አራት ቀን ሠራሁ።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ፋንና ሲን ሁለቱንም ስዘል ትከሻዋ ይነሣል። አንዱን ብቻ ስዘል አንገቷ ወደ አንድ ወገን ይዘምማል። ሁለቱንም በየቦታቸው ሳስገባ ግን ትከሻዋ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ቦርሳ ጸጥ ይላል።

ሙሉውን ስኬል መጀመሪያ የሰማች ዕለት ፔዳሉን አቆመች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስኬሉ ነው፣ እትዬ። ሙሉው።»

«ያስጠላል» አለች። «ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ጣቴ ትንሽ ቸል ብሎ ፋን ዘልሎ ያረፈ እንደሆነ ትከሻዋ ወዲያው ይነግረኛል፤ ከሷ ትከሻ በፊት ለመድረስ ስል ጣቶቼን ማየት ተውኩ። መምህሬ «እጅሽን አትመልከቺ» እያለ ስድስት ሳምንት ለምኖኝ ነበር። እሱ ያላገኘው ዘዴ ለካ አንድ ሹራብ የለበሰች ሴት ፊት ለፊት ማስቀመጥ ኖሯል።

ችግሩ አርፔጂዮ ላይ መጣ። አርፔጂዮ ማለት ሦስት አራት ድምፆችን በአንድነት ከመምታት ይልቅ እንደ ክራር አንድ በአንድ እየነጠሉ መጫወት ነው። ፈተናው ላይ ከስኬሉ እኩል ይጠየቃል። ዶ፣ ሚ፣ ሶል የሚለውን አርፔጂዮ እንደጀመርኩ የአክስቴ ትከሻ ብቻ ሳይሆን ክርኗም ተንቀሳቀሰ። ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ የሚለውን ስጫወት ግን፣ ሁለቱም የተጠሉ ድምፆች አሉበትና፣ ጥርሷ ታሞ እንደሆነ ሁሉ ጉንጯን ያዘች።

ስለዚህ ደብተሬን እንደ ምግብ ቤት ዝርዝር ከፈልኩት፤ በግራ ገጽ «የጾም»፣ በቀኝ ገጽ «የፍስክ»። ላ፣ ዶ፣ ሚ የሚለው ግን የትም አልገባ አለ። አክስቴ ስትሰማው ትከሻዋ ሊነሣ ያስብና ይተወዋል።

«ይኼ እንደ ዓሣ ነው» አሉ ጋሼ፣ ደብተሬን መነጽራቸውን አድርገው መርምረው። «ይበላል።»

«ማን አለ ዓሣ ይበላል?» አለች አክስቴ።

«እኛ ጋ ይበላል።»

«እኔ ቤት አይበላም፤ አይመታምም።»

ክርክሩ ወደ ዓሣ ሄዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ አልተመለሰም። እኔ ላ፣ ዶ፣ ሚን በመስመሩ ላይ፣ በሁለቱ ገጾች መካከል ጻፍኩት።

የፍስክ አርፔጂዮዎችን ያዳንኳቸው በዝግታ ነው። ዶን መትቼ በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ ሚ፤ እንደገና ሰባት፤ ከዚያ ሶል። ትከሻ ትዕግሥት የለውም፤ ያን ያህል ጠብቆ የሚነሣ ትከሻ የለም። በዚያ ፍጥነት አንዱ አርፔጂዮ እስኪያልቅ ሻይ ይፈላል። ግን እያንዳንዱ ጣት ክሩን ከመንካቱ በፊት የት እንደሚያርፍ፣ በጥፍር ይሁን በሥጋ፣ ለማሰብ የሚበቃ ጊዜ አገኘ። ክሩም መንጫጫቱን ተወ።

አንድ ቀን አክስቴ ድንገት መርፌዋን አቁማ ጠረጴዛው ሥር አየች።

«ጋሼ! እርስዎ እየዘፈኑ ነው!»

ጋሼ ጋዜጣቸውን እንደያዙ እግራቸው ብቻ ወለሉን ይመታ ነበር። «አባ ትከሻ ነው ያሉት» አሉ ሳይደነግጡ። «ስለ እግር የተባለ ነገር የለም።»

«እግር ከትከሻ በምን ያንሳል?»

«እኛ ጋ መጀመሪያ እግር ነው፤ ትከሻ ኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ገና አልጀመርኩም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቅለው እንዲቀመጡ ተፈረደባቸው። ለጉልበታቸውም ተስማማቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህሬ ቤት ስኬሉን ስጫወት ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ። አንዴ ደገምኩለት። ወደፊት ተንጠራራ። «ሁሉም መጥተዋል!» አለ፣ በጣቱ እየቆጠረ። «ምን አደረግሻቸው?»

ያኔ፣ ምናልባት ደስ ስላለኝ፣ ነገሩን ከቄሱ ጀምሬ እስከ ዓሣው ነገርኩት። በእንግሊዝኛ ለእሱ ከተናገርኩት ሁሉ ይህ ረጅሙ ነበር። አልሳቀም። ሱሪው ላይ ያለውን ቁልፍ እያሻሸ አሰበና፣ «አክስትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አላት ወይ? ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፣ አንድ ሰዓት ፊታቸው ብትቀመጥ...» አለኝ።

መልእክቱን ሳደርስ አክስቴ ልብሱን ከመኪናው ላይ አነሣች። «ትከሻዬ ለመንገደኛ አይደለም በይው» አለች። ቢሆንም ማታ መስታወት ፊት ቆማ ከኋላ ለማየት አንገቷን ስትጠመዝዝ አየኋት።

ቀሪው ነገር ቁራጩ ነበር። ፈተናው ከስኬልና ከአርፔጂዮ ሌላ፣ ቁራጭ የሚሉትን አንድ ሙሉ የሙዚቃ ድርሰት ይጠይቃል፤ መምህሬ አንዲት ትንሽ ዋልስ ሰጠኝ። ዋልስ የዳንስ ምት ናት፤ ከየትም ቢያዩአት ዘፈን ናት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድምፆች ብቻ በዝግታ ብሞክራቸው፣ ከጋሼ የተሰቀለ እግር ጀምሮ ሁሉ ነገር ተንቀሳቀሰ። ለፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶ አክስቴ ከነጭራሹ ከለከለችኝ፤ ከልክላም ተቀምጣ አለቀሰች።

«ብትወድቂስ?» አለች። «በእኔ ምክንያት ብትወድቂስ?»

«አልወድቅም፣ እትዬ።»

«እንዴት አትወድቂም? ሳትነኪው?»

እንዴት እንደማልወድቅ አላውቅም ነበር። ግን ማታ ደብተሬን ሳይ አንድ ነገር ታየኝ። ዘፈን የሚሆነው ሁለቱ እጆቼ ሲገናኙ ነው። ግራው ክሮቹን ይይዛል፣ ቀኙ ይመታል። ግራው ብቻውን ቢሠራ ድምፅ የለውም፤ የጣት ኮቴ ነው። ቀኙ ብቻውን ባዶ ክሮችን ቢመታ ደግሞ ዋልስ አይሆንም፤ የተበላሸ በር ነው የሚመስለው። ስለዚህ ግራ እጄን ጠዋት፣ ቀኝ እጄን ከሰዓት በኋላ አለማመድኩ። ሁለቱን፣ መምህሬ ዘንድም ቢሆን፣ አንድም ቀን አላገናኘኋቸውም። አክስቴ እንደ ሽማግሌ በመካከላቸው ሆና ትጠብቅ ነበር፦ «ቀኝሽን አሳርፊ! ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም!»

ማክሰኞ ደረሰ። ሕማማት ስለሆነ አክስቴ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳ አብራኝ መጣች። ፈተናው የሚሰጥበት ቤት ኮሪደር ውስጥ ወንበሮች ተደርድረው ነበር፤ ተፈታኞቹ ሁሉ ሕፃናት ናቸው። ከእኔ ቀጥሎ ትልቋ ተፈታኝ እግሯ መሬት አይደርስም። እናቷ የእኔን ጊታር፣ ከዚያ የአክስቴን ጥቁር ልብስ አየችና በሐዘን አንገቷን ነቀነቀችልን።

ፈታኙ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር። እጁን ዘረጋልኝ፤ እኔ እጅ ነሣሁ። ስኬል ጠየቀኝ፤ ተጫወትኩ። ሌላ ጠየቀኝ፤ ተጫወትኩ። ሰባቱም በየተራቸው ገቡ። አርፔጂዮ ጠየቀኝ፤ የጾሙንም የፍስኩንም፣ ዓሣውንም ሰጠሁት። ሲጽፍ ከብዕሩ በቀር የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረውም።

«አሁን ቁራጩን» አለ።

ሁለቱን እጆቼን ጊታሩ ላይ አስቀመጥኩ። ዋልሷን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ጀመሩ። ግራው የለመደውን ያዘ፣ ቀኙ የለመደውን መታ፤ ከመካከላቸው ፈጽሞ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ወጣ። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ነጥቦች አውቃቸው ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር እየተነጋገሩ መሆናቸውን ግን አላውቅም ነበር። ስምንተኛው ሐረግ ላይ ስደርስ ለመስማት ብዬ አቆምኩ።

ፈታኙ ቀና አለ።

«ምን ሆንሽ?»

ያኔ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው ቀን፣ ሁሉም ባንዴ ትዝ አለኝ። «ይቅርታ» አልኩ፤ «ቆንጆ ነው።»

«አዎ» አለ ፈታኙ፣ አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ። «ደግሞም ይቀጥላል።»

ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው።

ስወጣ አክስቴ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበሯን ለቅቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «ያ የመጨረሻው ምን ነበር?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ፈተናው ነው፣ እትዬ።»

«እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች። በማግሥቱ ከስግደቷ ላይ አርባ ጨመረች፤ ለእያንዳንዱ ትከሻ ሃያ ሃያ።

ውጤቱ እስኪመጣ ጋሼ በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን ከፍተው ያዩ ነበር፤ ደብዳቤው የሚመጣው ግን ፓርክላንድስ ነበርና ያገኙት የሰው ኤሌክትሪክ ሒሳብ ብቻ ነው። ፈቃዴ ሊያበቃ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው መምህሬ ራሱ በታክሲ መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ከአክስቴ መኪና አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን አነበበልን። አልፌአለሁ። ስለ ስኬሎቹና ስለ አርፔጂዮዎቹ ፈታኙ «እንከን የለውም፤ ደስታም የለውም» ብሎ ነበር የጻፈው። ስለ ዋልሷ ደግሞ፣ «ተፈታኟ በመካከሉ ከሙዚቃው ጋር የተዋወቀች ትመስላለች» ይላል። መምህሬ ያንን ሁለት ጊዜ አነበበውና ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። አክስቴ የዚያን ዕለት ወገቡን በነፃ ለካችው።

ዳይሬክተሯ ሰርተፊኬቱን ጀርባውን አገላብጣ አላየችም። የቅጥር ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ደብዳቤውን ይዤ ከአክስቴ ጋር ኢሚግሬሽን ሄድኩ። ሁለት ሰልፍ ቆምን። መስኮቱ ኋላ ያለው ሠራተኛ ደብዳቤውን አነበበ፣ ቅጹን ሞላ፣ ሥራ የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርስ ቦታው ጠበበው መሰለኝ፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፈና ማኅተሙን መታ። ሁለት ዓመት።

አክስቴ አንገቷን ሰግጋ አየችው። «ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

«ሙዚቀኛ።»

«ሙዚቀኛ! አዝማሪ አደረገሽ ማለት ነው? አስተማሪ በል እንጂ፣ በናትህ! የጨዋ ልጅ እኮ ናት!» አለችው በአማርኛ፣ መስኮቱን እየቆረቆረች።

«ሺዳ ጋኒ፣ ማማ?» አለ ሰውዬው፤ ምን ችግር አለ ማለቱ ነው።

ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር። እፍ እያልኩበት፣ በሌላው እጄ የአክስቴን ክንድ ይዤ፣ «ምንም ችግር የለም» አልኩት። ድምፄ ከሰልፉ ኋላ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

አገር ቤት ላለችው እናቴ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብን። ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ ተከፍቶ ሊነበብ ስለሚችል ሁልጊዜ አሳጥረን ነው የምንጽፈው። አክስቴ ቁልፍ እየተከለች ትነግረኛለች፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ እጽፋለሁ።

«ልጅሽ ደህና ናት በይ። ወፍራለች በይ።»

«አልወፈርኩም።»

«ጻፊ። ሥራ ይዛለች፤ በአንድ ጥሩ ትምህርት ቤት የድምፅ ሒሳብ ታስተምራለች በይ።»

ብዕሬን አነሣሁ። «እትዬ፣ የድምፅ ሒሳብ የሚባል ትምህርት የለም።»

«ድምፆቹን ስትማሪ እየቆጠርሽ ነበር ወይስ ሳትቆጥሪ?»

«እየቆጠርኩ።»

«ከቆጠርሽ ታዲያ ምንድን ነው?» አለች፣ ክሩን በመርፌዋ ቀዳዳ እያሾለከች። «ጻፊ።»

ጻፍኩ።